ጾመኛው ሽጉጥ

አጎቴ ክንዱ ከአባታቸው የወረሱት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አላቸው። ጥይቱን የሚይዘው ሆዱ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ይዞራል፤ እጀታው ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። አጎቴ ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አጠገባቸው የታመመ ጳጳስ የተኛ ይመስል።

ከአርብ ገበያ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው ቀበሌያችን፣ በየበዓሉ ማግስት ወንዱ ሁሉ ኢላማ ይተኩሳል። ገደሉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቅል ይቀመጣል፤ ለአንድ ሰው ሦስት ጥይት ነው። በገና ሦስቱንም የሳተ እስከ ከርሞ ገና ቅል ተካይ ይሆናል፤ ተኳሽ በተቀየረ ቁጥር እየሮጠ ቅል ሲያስቀምጥ ይውላል። ቅሉን ከተካዩ በቀር ማንም አይነካም፤ እርም ነው። ሦስት ገና በተከታታይ የሳተ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ይተክላል። አጎቴ ሁለቱን ጨርሰዋል።

"ችግሩ እኔ አይደለሁም" አሉኝ ኅዳር ላይ። "ሽጉጡ ነው ያረጀ። ስልክህን አውጣና ፈረንጅ አሮጌ ሽጉጥ እንዴት እንደሚያሻሽል እይልኝ።"

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ የትም ሳያስገባኝ፣ እሳቸው ቤት ተጠግቼ፣ ግራር ሥር ጋደም ብዬ ደመና ስቆጣጠር የምውል ሰው ነኝ። ለአማካሪነት የጎደለኝ ነገር አልነበረም። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣሁ። አንድ ቪዲዮ ላይ ጆሮውን የሸፈነ ወፍራም ፈረንጅ እጀታው ይለወጥ፣ የማነጣጠሪያው ጉጥ ደማቅ ቀለም ይቀባ፣ ውስጡ በዘይት ይለስልስ አለ። የምን ዘይት እንደሆነ ሊናገር ሲል ኔትወርኩ ሄደ።

አርብ ገበያ ወጣን። በያጁ ፈንታው ሽጉጡን አገላብጦ አየና፣ የሚያፈስ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ እንዳየ ሰው ራሱን ነቀነቀበት። "ይሄማ ሙሉ እድሳት ነው።" ከዚያ የባጃጅ መሪ ጎማ ቆርጦ እጀታውን አለበሰው። "አሁን እጅ አያንሸራትትም" አለ። "ባጃጁ የንፋስ መውጫን ዳገት ወጥቶበታል።"

ቀለሙን ከአጎቴ ልጅ ከማስተዋል ወሰድን። "የጥፍር ቀለሜን? ለመሣሪያ?" ብላ ጮኸች። አጎቴ ጉጧን ቀይ ቀብተው፣ እፍ እፍ እያሉ አደረቋት።

ዘይቱ ላይ ግን ነገር መጣ። በእኛ አገር መሣሪያ የሚወለወለው በቅቤ ነው፤ ጊዜው ደግሞ የነቢያት ጾም ነበር። ባለቤታቸው ማሬ የቅቤውን ማሰሮ ደጅ ላይ ቆመው ያዙ።

"በጾም ቅቤ ከዚህ ቤት አይወጣም!"

"ለሽጉጡ እኮ ነው!"

"የጾመኛ ቤት ሽጉጥ ይጾማል። ኑግ ውሰድ።"

የኑግ ዘይቱ ጠርሙስ ክዳን በገዛ ዘይቱ ተጣብቆ አልከፈት አለ። አጎቴ በጥርሳቸው ታገሉት፤ አንድ ጥርሳቸው ከተነቃነቀ በኋላ ተከፈተ። ሁላችንም ቆመን አየን። ማናችንም ምንም አልጠረጠርንም።

ከዚያ አጎቴ ጥይቱን አጉርሰው፣ በየማታው ኑግ በኑግ ላይ እየቀቡ፣ ጠዋት ጠዋት እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጡት ጀመር። ምላጩን መንካት ክልክል ሆነ፤ ከበዓል በፊት የተሳበ ምላጭ ዕድሉን ይጨርሳል አሉ። ሽጉጡ እንደ ሥዕል ያብለጨልጭ ጀመር።

በገና ማግስት ጎረቤታችን ጥጋቡ ቀደመ። ዝገታም ሽጉጡን በጋቢው ጫፍ ጠረግ አድርጎ በሁለተኛው ጥይት ቅሉን በተነው። አጎቴ ሮጠው ሌላ ቅል ተከሉና ለገዛ ተራቸው ተመለሱ። ቀዩን ጉጥ ቅሉ ላይ አደረጉ። ትንፋሻቸውን ያዙ። ሳቡ።

ምንም።

እንደገና ሳቡ። የደረቀው ኑግ ሆዱን እንደ ሙጫ ይዞታል፤ ምላጩ ንቅንቅ አይልም። በሁለት ጣት ሞከሩ። ፊታቸው ከጉጧ ይልቅ ቀላ።

"አያ ክንዱ!" አለ ጥጋቡ። "እየተኮስክ ነው ወይስ ላም እያለብክ?"

"ዝም በል አንተ! ገና እየሞቀ ነው!"

"አምሮበታልሳ! ጥፍሩን ተቀብቶ ሠርግ የሚሄድ ነው የሚመስለው።"

የሚዳኙት ቄስ አለሙ ቀርበው ሽጉጡን አሸተቱ። "ይሄ… ኑግ ነው?"

"ጾም ስለነበር ነው አባ።"

"ጾሙን ይቀበልለት" አሉ ቄሱ ረጋ ብለው። "አንተ ግን ቅል ተካይ ነህ፤ ዕድሜ ልክህን።"

አጎቴ ሽጉጡን ምሰሶው ላይ ሰቅለው ከሰው ጋር መነጋገር ተዉ። ጥምቀት ሲቃረብ ግን ጠሩኝ።

"ደግሞ ምን ልናሻሽል ነው፣ ጋሼ?"

"ድንጋዩን።"

መሮ ይዘው ወረዱና ድንጋዩ ላይ ጉድጓድ ፈለፈሉ። ተኩሱ ሲጀመር ቅሉን እዚያ ውስጥ አስቀመጡት፤ ከሩቅ የሚታየው አንገቱ ብቻ፣ ያውም አውራ ጣት የሚያህል። ሁሉም ሳተ። ጥጋቡም ሳተ።

"ኧረ ከፍ አርገው!" ብሎ ጮኸ።

"ተካዩ እኔ ነኝ። ከፈለግህ ሂድና ንካው።"

ማን ይነካል? እርም ነዋ። በፋሲካም ሁሉም ሳተ።

ፍርዱ የሚሰጥበት የከርሞ ገና ደረሰ። በበዓሉ ዕለት ጥጋቡ በቅጠል የተጠቀለለ የበግ ታፋ ይዞ ደጃችን ቆመ።

"እንዴት ከረምክ፣ አያ ክንዱ?"

"ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አልተገናኘንም እንዴ?"

"አይ… ነገ በእኔ ተራ፣ ቅሉን ብቅ ብታደርገው ብዬ ነው። ትንሽ ብቻ።"

አጎቴ ታፋውን በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉት። "ሽንጡስ?"

ሽንጡም መጣ። በማግስቱ የጥጋቡ ቅል ሆዷን ገፍታ፣ እንደ ባለሥልጣን ሚስት ድንጋዩ አናት ላይ ተቀመጠች። በአንደኛው ጥይት ተበተነች። ከኋላው የተሰለፉት ነገሩ ገባቸው፤ አጎቴን ሲያዩ ሰላምታቸው እስከ ጉልበት ወረደ። ተኩሱ ሳያልቅ ከእነሱ የሁለቱ ሚስቶች ቅርጫ ሥጋ ተሸክመው ወደ ቤታችን ሲሄዱ ታዩ።

ማታ ማሬ ማሰሮውን ራሳቸው ከፍተው ሥጋውን ሳይሳሱ በቅቤ ጠበሱት። አጎቴ ከማሰሮው ጥቂት በጣታቸው ዛቅ አደረጉና፣ ምሰሶው ላይ ወደተሰቀለው ሽጉጥ ቀና ብለው አዩ። ትንሽ አሰቡ።

ጣታቸውን ላሱት።