ሀዲስ የደበቀው ባህር

የቬኬሽናችንን ፎቶ ያየ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ያሉት ልጆች ስልኬን ተቀባብለው አዩና፣ አንዷ ሀበሻ፣ "መነን፣ ፖርቶ ሪኮ ነው የሄዳችሁት ወይስ ወንዶ ገነት?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ውስጥ ዛፍ አለ፣ ዋሻ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ አንድ ዶሮም አለ። ባህር የለም። ደሴት ላይ ሳምንት ከርሞ ባህር ያላነሳ ቤተሰብ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ይሄ የባሌ የሀዲስ ሥራ ነው። ጥፋቱን የጀመርኩት ግን እኔ ነኝ፤ እሱን አልክድም።

እኔ ውሃ ዳር ስሄድ ሥራዬ ቦርሳ መጠበቅ ነው። ኦሽን ሲቲ በሄድን ቁጥር ሀዲስና ልጃችን ዮዲ ውሃ ይገባሉ፣ እኔ ጫማቸውን፣ ስልካቸውንና ፎጣቸውን ታቅፌ አሸዋ ላይ እቀመጣለሁ። ዋና አልችልም ነበራ። አርባ አራት ዓመት ሲሞላኝ በቃኝ አልኩ። አስፐን ሂል አጠገብ ያለ ፑል ተመዝግቤ፣ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር፣ በየቅዳሜው ስምንት ወር ሙሉ ውሃ ውስጥ አረፋ ስነፋ ከረምኩ። ሕፃናቱ በሁለት ወር ጨርሰው ሄዱ። ሌሎች መጡ፣ እነሱም ሄዱ። እኔ ቀረሁ። በመጨረሻ ግን ቻልኩ። ፖርቶ ሪኮ ቡክ ስናደርግ ከዚያ ሁሉ ቀን ለራሴ የፈለግኩት አንድ ጠዋት ብቻ ነበር። ሐሙስ በጀልባ ወጥቼ፣ የውሃ መነጽርና መተንፈሻ አድርጌ፣ ባህር ውስጥ ገብቼ ታች ያለውን ላየው። ሌላውን እነሱ እንዳሻቸው ያድርጉት።

ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ዕለት፣ እትዬ አሰፋሽን ልንጠይቅ ግሪንቤልት ሄድን። እትዬ አሰፋሽ የሀዲስ አክስት ናቸው። እናቱ ስትሞትበት ደሴ ላይ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ከሴት ልጃቸው ከሚስጥር ጋር ይኖራሉ። ወንዱ ልጃቸው ማሙሽ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በጅቡቲ አድርጎ ወደ የመን ሲሻገር ጀልባው ተገለበጠ። ሬሳው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ እትዬ ባሉበት ስለ ባህር አይወራም። ቴሌቪዥን ላይ መርከብ ከታየ እንኳ ሀዲስ ተነስቶ ቻናል ይቀይራል።

ዮዲ ግን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ አፏ አይከደንም። "ጌስ ዋት፣ ፖርቶ ሪኮ ልንሄድ ነው" አለቻቸው። ሀዲስ ዓይኑን አፈጠጠባት። እኔ ነገሩን ልሸፍን ብዬ፣ ደግሞም ሰው ፊት ጉዞ አንስቶ አብረን እንሂድ አለማለት ነውር ስለሆነ፣ "እትዬ፣ ለምን አብረውን አይሄዱም?" አልኩ።

ይሄ ግብዣ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ሀበሻ የለም። ጋባዡ ይጋብዛል። ተጋባዡ "አይ ልጄ፣ ሂዱ እናንተ፣ በሰላም ያግባችሁ" ይላል። አንድ ሁለቴ ይለመናል፣ እምቢ ይላል፣ ሁሉም ተከባብሮ ወደየቤቱ ይገባል። ያውም እኮ ባህር ልጃቸውን የወሰደባቸው ሴት ናቸው። እምቢ እንደሚሉ እርግጠኛ ባልሆን ምን አፌን አስከፈተኝ? ሁለተኛውን ልመና ልጀምር ስል፣

"መቼ ነው?" አሉ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሀዲስ በቤልትዌዩ፣ በትልቁ አውራ ጎዳና፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ነዳ። ቤት ገብተን ጫማውን እያወለቀ፣

"ባህሩን እንዳያዩት እናደርጋለን።"

"ደሴት ላይ?"

"አስብበታለሁ።"

አሰበበት። ምነው ባላሰበበት። ቅዳሜ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ፀሐይ መታኝ ብሎ የእትዬን መስኮት ዘጋው። ሆቴል ስንደርስ ከፍለን የያዝነውን ባህር ፊት ለፊት ያለ ክፍል ፓርኪንግ ሎት በሚያይ ክፍል አስለወጠው። እንግዳ ተቀባይዋ በትክክል የሰማች ስላልመሰላት ሦስቴ ጠየቀችው። ማታ ማዕበሉ ሲያጓራ እትዬ "ያ ድምፅ ምንድን ነው?" ቢሉት፣ "ሃይዌይ ነው" አላቸው። እትዬ ትንሽ አዩትና "እንዴት ያለ ሃይዌይ ነው" ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ከዚያ ቀኑ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። ሰኞ ጫካ ወሰደን፤ ዝናብ ለዝናብ አራት ሰዓት ወጣን ወረድን። ማክሰኞ ዋሻ አስገባን። በባህሩ ዳርቻ የሚሄደውን መንገድ ሽሽት በተራራ ዞረን የአርባ ደቂቃውን መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀንበት፣ ዮዲም ሁለቴ አስታወከች። ምግብ ቤት ስንገባ እሱ ቀድሞ ይሮጥና እትዬን ወደ ኩሽናው አዙሮ ያስቀምጣቸዋል። ዓሣ እንኳ አላዘዝንም፤ ዓሣ ከየት እንደሚመጣ ትዝ ይላቸዋል አለ። ረቡዕ ዮዲ በገመድ ተንጠልጥላ ከዛፍ ዛፍ የሚኬድበት ቦታ ወሰድናት። ከላይ ሆና "አይ ካን ሲ ዘ ኦሽን!" ብላ ስትጮህ ሀዲስ ሳል ጀመረው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ሳለ። እትዬ ጀርባውን መታ መታ አደረጉለት።

እኔ ግን ሐሙስን እየጠበቅኩ ሁሉንም ቻልኩት። ረቡዕ እራት በልተን እትዬ ከተነሱ በኋላ ሀዲስ ወንበሩን አስጠጋ።

"የነገውን ጀልባ ካንስል አድርጌዋለሁ" አለኝ።

"ምን አደረግከው?"

"በጀልባ ሄድን ስንላቸው ምን ይሰማቸዋል? አስቢው እስቲ። ሌላ ጊዜ ትሄጃለሽ።"

"ስምንት ወር ተምሬያለሁ ሀዲስ።"

"ሌላ ጊዜ አልኩሽ እኮ።"

ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር አውቃለሁ፤ ሌላ ጊዜ ማለት ኦሽን ሲቲ አሸዋ ላይ ጫማ ታቅፎ መቀመጥ ማለት ነው። እንዳልጣላው እትዬ አሉ፣ እንዳልተወው አንጀቴ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ጀልባዎቹ ጋ ደወልኩ። አርብ ጠዋት፣ የመጨረሻው ቀናችን፣ ቦታ አለ አሉኝ። ያዝኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

አርብ ማለዳ የዋና ልብሴን ከቀሚሴ ሥር ለብሼ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ እንደ ሌባ ከክፍሉ ወጣሁ። ታች ስደርስ እትዬ አሰፋሽ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

"በጠዋት ወዴት ነው?" አሉኝ።

"ዳቦ ልገዛ፣ እትዬ።"

የያዝኩትን ፎጣ አዩ። ከዚያ ከአንገቴ ሥር ብቅ ያለውን የዋና ልብስ ማሰሪያ አዩ።

"መነን፣ አንቺም ጀመርሽ?"

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ድምፃቸው የተቆጣ አልነበረም፤ የሰለቸው ሰው ድምፅ ነው።

"ማሙሽ ሲሞት ሀዲስ ቀድሞ ሰምቶ አራት ወር ደብቆኛል" አሉ። "በየሳምንቱ ይደውላል። 'ደህና ነው እትዬ፣ ያለበት ቦታ ስልክ አይሠራም' ይለኛል። እኔ የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልክለታለሁ ብዬ በርበሬ አስፈጫለሁ። አራት ወር ለሞተ ልጅ በርበሬ አስፈጨሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። ያዘነልኝ መስሎት ነው፤ አልቀየምኩትም። አሁን ደግሞ ስድስት ቀን ዛፍ ያሳየኛል። ደሴ ዛፍ የለም? ሃይዌይ ነው ይለኛል። ሃይዌይ እየሄደ ይመለሳል እንዴ?"

"እትዬ፣ እኛ ያስከፋዎታል ብለን ነው።"

"እሺ ብዬሽ የመጣሁት ባህር ልይ ብዬ ነው። ባህር አይቼ አላውቅም፤ ያደግኩት ተራራ ላይ ነው። ልጄ መቃብር የለውም። ሌላዋ እናት በአርባው፣ በሰማንያው የምትሄድበት ቦታ አላት። እኔ የት ልሂድ? ያለበትን እንኳ አንድ ቀን ልየው ብዬ ነው። ስትጠሪኝ ይሄ የገባሽ መስሎኝ ነበር።"

አልገባኝም ነበር። እኔ ለይሉኝታ ብዬ ነው የጠራኋቸው፣ እምቢ ይላሉ ብዬ። ይሄን አልነገርኳቸውም። ሳምንቱን ሙሉ በሆዴ እሳቸውን ስረግም እንደከረምኩም አልነገርኳቸውም። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"የምሄደው በጀልባ ነው" አልኳቸው። "ይመጣሉ?"

ቀድመውኝ ተነሱ። "ሀዲስ ቢጠይቅ ዳቦ ልንገዛ ሄድን በይው" አሉ።

ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ ከእኛ ሌላ ስድስት ቱሪስቶች አሉባት። ነጂው ለእትዬ ከነጠላቸው በላይ የሕይወት አድን ጃኬት አሰረላቸው። ከወደቡ ስንወጣ የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ያዙ። ያለቅሳሉ ብዬ ብጠብቅ አላለቀሱም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ውሃውን አዩት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ይሄን ያህል ነው እንዴ" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

ኮራሉ፣ የባህር ውስጥ አለቱ፣ ያለበት ስንደርስ ጀልባዋ ቆመች። ቱሪስቶቹ ተራ በተራ ገቡ። እኔ መነጽሩን አድርጌ ደረጃው ላይ ቆሜ ቦርሳዬን የት እንደማስቀምጥ ዙሪያውን አያለሁ። የልማድ ነገር ነው።

"ቦርሳውን እኔ እይዛለሁ። ግቢ" አሉኝ።

እንዲህ ያለኝ ሰው በዕድሜዬ የለም። ገባሁ። መጀመሪያ ትንፋሼ ተዛባብኝ፣ ከዚያ የተማርኩት መጣልኝ። አሸዋው ይታያል። ቢጫ ዓሦች በመንጋ ከሥሬ ያልፋሉ። ፀሐይዋ ወርዳ ወርዳ ታች ድረስ ትደርሳለች። ስምንት ወሩን ረሳሁት።

ቀና ስል እትዬ ደረጃው ላይ ወርደው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ባለው ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል።

"ሀዲስ ነው" አልኳቸው።

"ይጠብቅ። እኔም ጠብቄያለሁ።" ጎንበስ አሉ። "ታች ምን አለ?"

"አሸዋ አለ። ዓሣ አለ። ፀሐይ እስከ ታች ትገባለች።"

"ጨለማ አይደለም?"

"እዚህ አይደለም እትዬ።"

"እዚያስ?"

አይደለም ልላቸው ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሀዲስ ቢሆን አይደለም ይላቸው ነበር።

"አላውቅም እትዬ" አልኳቸው።

ከዚያ ቦርሳዬን ጀልባዋ ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። "ያን ነገር ስጪኝ።"

ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አንስቼ፣ መነጽሩን አውልቄ አሰርኩላቸው። ደረጃ በደረጃ እስከ ደረታቸው ወረዱ። በአንድ እጃቸው ብረቱን ያዙ፣ እኔ ወገባቸውን ያዝኩ፣ በእግሬ ውሃውን እየገፋሁ። ፊታቸውን ነከሩት። ወዲያው ሳል ይዟቸው ወጡ። ይበቃዎታል ስላቸው አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና ተመልሰው ነከሩት። አሁን ቆዩ። ትንፋሽ ሊወስዱ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። ምን እያሉ እንደሆነ አይሰማኝም፤ ግን እየተናገሩ ነበር፣ ጎናቸው በእጄ ላይ ሲንቀሳቀስ ይታወቀኛል።

ቀና ሲሉ ነጂው ከላይ አይቷቸው ጮኸ። መነጽሩ ውስጥ ውሃ ሞልቷል፣ ሊክ ያደርጋል፣ ሌላ ልስጣት አለኝ።

"ምን ይላል?" አሉኝ እትዬ።

"መነጽሩ ያፈሳል፣ ይቀየርልዎት ነው የሚለው።"

"አያፈስም በይው" አሉኝና ፊታቸውን መልሰው ነከሩት።

አልኩት፤ መነጽሩን የሞላው ባህሩ አልነበረም። እግሬ ዝሎ ነበር፣ ግን ስምንት ወር ተምሬበታለሁና እስኪበቃቸው ድረስ ያዝኳቸው።