ጾም የሚያስገድፍ መድኃኒት

በፍልሰታ ጾም አንድ ጧት፣ ጎጃም አምበር ከተማ ውስጥ የመሪጌታ ገዳሙ አስም ተነሣና ደረታቸው እንደ ወናፍ ያፏጭ ጀመር። ሚስታቸው ወለተ ሥላሴ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ብታቀርብላቸው «ጾም ያስገድፋል» ብለው ገፏት። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲዘርፉ የኖሩ ሰው ትንፋሽ መሳብ አቃታቸው!

«ሥጋ መሰለዎት እንዴ? የደብረ ማርቆሷ ነርስ ነግራኛለች፤ ሰውነታችን ራሱ ሳንባን ‹ተከፈት› የሚል መልእክተኛ አለው። ይሄ መድኃኒት ያንኑ መልእክተኛ መስሎ ሄዶ ያንኳኳል፤ የተጨመደደው የአየር መንገድም ይፈታል።»

«ሴት... ምን ታውቂና... ሂጂ!» አሉ እያቃሰቱ።

«እንግዲያው ይሙቱ! እኔም ለተዝካርዎ ያንን የሚያሞካሹትን ቦራ በሬዎን አሳርዳለሁ።»

መሪጌታ መድኃኒቱን ከእጇ መንጭቀው ሳቡት። ጥቂት ቆይቶ ደረታቸው ተከፈተ፤ መጀመሪያ ከአፋቸው የወጣውም ቃል፦ «በሬዬን እንዳትነኪ!»