ፕሮቲኑ ከፍ ብሏል

ለቅርብም ለሩቅም ዘመድ እንዲታወቅ፦ ገበየሁ ማክሰኞ ጠዋት እንቁላል በላ።

ዐዋጁን ያወጣችው ሚስቱ ይርገዱ ናት፣ እኅቴ። እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ፣ ኪርያት ሀሻሮን ሰፈር ካለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ቆማ፣ ስልክ ያለውን ዘመድ ሁሉ አሰማች። ከሰዓት በኋላ ማስተካከያ ወጣ፤ የበላው ግማሹን ነበር። ሌላውን ግማሽ የበላሁት እኔ ነኝ፣ ሳህኑ ባዶ እንዲታይላት ብዬ።

ገበየሁ የምግብ መውረጃ ቧንቧው ላይ ካንሰር አለበት። በቤቱ ውስጥ ግን ቃሉ አይጠራም፤ «ጉሮሮውን ትንሽ ይዞታል» ነው የሚባለው። ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ዶክተር ጋድ ደሙን ወስዶ በውስጡ ያሉትን አንዳንድ ፕሮቲኖች አስመረመረ። መድኃኒቱ ዕጢውን ያሟሽሸው እንደሆነ ደሙ አስቀድሞ ፍንጭ ይሰጣል ተብሎ ነው። ባለፈው ሳምንት ውጤቱ ደረሰ። አስተርጓሚዋ የገበየሁ ልጅ ኦሪት ናት። ሐኪሙ በዕብራይስጥ ብዙ ተናገረ፤ ኦሪት ጥቂት ተረጎመች።

«ፕሮቲንህ ከፍ ብሏል ይላል፣ አባ።»

አልዋሸችም። ከፍ ብሏል። የቀረውን መኪና ማቆሚያው ጋ ለእኔ ነገረችኝ። እነዚህ ፕሮቲኖች እንዲህ ከፍ ባሉባቸው ሰዎች ላይ የተለመደው መድኃኒት እምብዛም አይሠራም። ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም ብሏል ሐኪሙ። ገና በሙከራ ላይ ያለ ሌላ መድኃኒት አለ፤ እሱ ግን ሰውነት ይጎዳል፣ ውጤቱም አይታወቅም። መምረጥ ያለበት ራሱ በሽተኛው ነው።

«ዶድ ዘመዱ፣ ለኢማ እንዳትነግራት» አለችኝ፤ በዕብራይስጡ ዶድ አጎት፣ ኢማ እናት ማለት ነው።

ለእናቷ በዚያው ቀን ነገርኳት።

«ማወቄን ለኦሪት እንዳትነግራት» አለችኝ እሷም።

ወደ ዘመድ የደረሰው ግን ፕሮቲኑ ከፍ ማለቱ ብቻ ነው። ፕሮቲን ደግሞ በእኛ ሰው ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። ልጆቻችን ሕፃናት ሳሉ ነርሷ እንቁላል፣ ዶሮ፣ አይብ እያለች አስተምራናለች። ከፍ ካለ እንግዲህ እንዳይወርድ መጠበቅ ነው። እንቁላሉ በካርቶን፣ ዓሣው በከረጢት እየሆነ ገባ። ውሃ እንኳ እየመረጠ የሚወርድለት ሰው ቤት ፍሪጁ አልዘጋ አለ።

የአክስቱ ልጅ አልጋነሽ ከሌላ ሰፈር፣ ከራማት ፖሌግ ዶሮ ይዛ መጣች።

«ዛሬስ ፊትህ በርቷል» አለችው።

«ይርገዱ አምፖሉን ቀይራ ነው።»

«በዚህ ሳልፍ ነው እኮ፣ ልይህ ብዬ።»

«ወዴት ስታልፊ?»

«ወደ ሳፒር፣ ወደ ፋብሪካዎቹ ሰፈር።»

«ሳፒርማ ለአንቺ ቤት ነው የሚቀርበው» አላት። እዚያ ካለ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ሲያሽግ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። ከዚያ ወዲያ አልገፋባትም፤ ሥራዋን እንዳያበላሽባት ይመስለኛል።

ሥራ ማለቴ በምክንያት ነው። በነታንያ የእኛ ሰው ሲሞት መርዶ የሚያረዳው ገበየሁ ነው። ልጆቹ ወሬውን በዋትሳፕ እንዳያደርሱት የሚቆጣ፣ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ አስከትሎ በር የሚያንኳኳ እሱ ነው። ደንቡን ያውቀዋል። መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል። ከዚያ ዘመድ በዚህ ሳልፍ ነው እያለ አንድ በአንድ ይገባል። በመጨረሻ ገበየሁ ከሐዘንተኛዋ በስተቀኝ ይቀመጣል፣ ፊቷን እንዳትቧጭር ሁለት እጇን ይይዛል፣ «እህል ቀምሰሻል?» ይላታል። ከዚያ በኋላ እንደማይወርድላት ስለሚያውቅ ነው። ጥያቄውን የሰማ ሁሉ ወዲያው ያለቅሳል፤ ሐዘንተኛዋም ጫማዋን አውልቃ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ሌላው ቃል ትርፍ ነው።

እኛ እንግዲህ ከዚህ ሰው ነበር የምንደብቀው።

ሐሙስ ቀጠሮ ነበረን። መኪና ያለኝ እኔ ስለሆንሁ እኔ ነዳሁ፤ አራታችንም ሐኪሙ ዘንድ ገባን። ይርገዱ የተቀቀለ እንቁላል በዕቃ ይዛለች። ዶክተር ጋድ ወንበሩን ወደ ገበየሁ አዙሮ፣ እሱን እያየ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። የተለመደውን መድኃኒት ነው ወይስ ሌላውን? ወይስ ሁለቱንም አይፈልግም? መልሱን ከራሱ አፍ መስማት አለብኝ አለ፤ ከዚያም ኦሪትን ተመለከታት፣ እንድትተረጉም።

«አባ» አለች ኦሪት። «ሐኪሙ የሚለው...»

አቋርጣ ወደ እናቷ አየች። ይርገዱ የዕቃውን ክዳን ታጠብቃለች። ወደ እኔ አየች። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሆድ ዕቃ ሥዕል አነባለሁ።

«የሚለው፣ ፕሮቲንህ...»

ገበየሁ ተነሣ። ከስቷል፤ ወንበሩን ግን ራሱ አነሣ። ልርዳህ ብዬ ብነሣ በዓይኑ መለሰኝ። ወንበሩን ከኦሪት በስተቀኝ አኖረና ተቀመጠ። ሁለት እጇን ያዘ።

«ልጄ» አላት፣ «እህል ቀምሰሻል?»

ኦሪት ግንባሯን ትከሻው ላይ ጣለች፤ እሱ ግን እጆቿን አልለቀቀላትም።

«ምን አላት?» አለኝ ሐኪሙ በዕብራይስጥ።

«ቁርስ በልታ እንደሆነ ጠየቃት» አልኩት።

ይርገዱ የእንቁላሉን ዕቃ የሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ከወንበሯ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች።