የመምህርት የሺዓለም ሁለት ሕመሞች

በ1981 ዓ.ም. የሺዓለም ናዝሬት ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። ጨጓራዋ ከተማሪነቷ ጀምሮ ያቃጥላታል፤ እሱን ለምዳዋለች። ያልለመደችው ከዓመት ወዲህ የመጣውን ነው። ሆዷን ይቆርጣታል፣ በቀን ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ያስቀምጣታል፣ ደምም አለበት። የአሜባ ኪኒን ሦስት ጊዜ ወስዳ አልተሻላትም። በር አጠገብ ቆማ ማስተማር ጀመረች።

ከሁሉ የከፋው የቀበሌ ስብሰባ ነበር። አንድ እሑድ ስለ ጦር ግንባሩ ሲነገር አራት ጊዜ ተነስታ ወጣች። ሊቀመንበሩ ጓድ ነጋሳ በማግስቱ አስጠርቶ፣ ማንን ልታገኝ እንደምትወጣ ጠየቃት። ሰበብ ልትፈጥር አሰበች፤ የምትፈጥረው ሁሉ ግን ከእውነቱ የባሰ መስሎ ታያት።

«ደም ያስቀምጠኛል» አለችው። «መያዝ አልችልም።»

ነጋሳ አንገቱን ደፋ። ለምን ቀድማ እንዳልተናገረች ጠየቀና መልሷን ሳይጠብቅ አዲስ አበባ ሄዳ የምትታከምበትን የይለፍ ወረቀት ጻፈላት።

ለመንገዱ ስትል ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እንዲያም ሆኖ ሞጆ ላይ ሹፌሩን ለምና አስቁማ ለመጸዳዳት ወረደች።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ሙሉብርሃን በአፏም በታችም መሣሪያ አስገብቶ መረመራት። ትልቁ አንጀቷ ቆስሏል፤ ጨጓራዋ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያ አለ። እንዲህ ያለ ባክቴሪያ የጨጓራ አሲድ ችሎ እንደሚኖር የታወቀው ገና በቅርቡ እንደሆነ ነገራት። የሺዓለም ተስፋ አደረባት። የሁለቱ ሕመም ምንጭ አንድ ከሆነ በአንድ መድኃኒት ትገላገላለች።

ባክቴሪያውን እንዲገድሉ ያዘዘላትን ኪኒኖች ሁለት ሳምንት ዋጠች። ቃጠሎው ጠፋ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ቃሪያ በላች። በአራተኛው ሳምንት ግን አንጀቷ ከቀድሞው ብሶ ደማ። ተመልሳ ሐኪሙ ዘንድ ስትገባ መቀመጥ እንኳ አቃታት።

«የገደልነው ባክቴሪያ አንጀቴን ሲጠብቅልኝ ኖሮ ይሆን?» አለችው እንደቆመች።

«እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም» አላት። «መድኃኒቱ ራሱ አንጀትዎን ረብሾት ሊሆን ይችላል። ወይም ሕመሙ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ይሆናል። አውቃለሁ ብልዎት እዋሽዎታለሁ።»

መልሱ አናደዳት። ቢሆንም ለአንጀቷ ያዘዘላትን መድኃኒት ይዛ ተመለሰች። የበላችውን፣ የዋጠችውንና የደማችበትን ቀን በደብተር መመዝገብ ያዘች። አንድ ሳምንት ያገናኘችው ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ይፈርስባታል። ደሙ ግንቦት ላይ ቆመ፤ ለምን እንደቆመ ግን ከደብተሩ ማወቅ አልቻለችም።

የጻፈችውን ገልብጣ ለሐኪሙ ላከችለት። መልሱ በሰኔ መጣ። ሁለቱም ሕመም ያለባቸው ሁለት በሽተኞች አግኝቷል፤ ሦስተኛው ግን አንጀቱ ብቻ የታመመ፣ ጨጓራው ከባክቴሪያው ንጹሕ የሆነ ሰው ነው። አሁንም አላውቅም፣ መጻፉን ግን አይተዉ ይላል።

የሺዓለም ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ሱቅ ወረደችና አዲስ ደብተር ገዛች።