ከጉድጓዱ ሥር ያለው ድምፅ

ጋራዥ የሚሠራውን በያጅ ሰው ፊት ያዋረደው የእህቱ ባል ነው፤ ቀኑም ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሁለቱ እህቱ ሳሎን ቁጭ ብለው፣ አፈር ተደርምሶበት ሲጮኽ ማንም ስላልሰማው ስለ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ የሚያወራ አሮጌ ፊልም አይተው ጨርሰዋል። ከዚያ ፊልም ተነስተው አልበም ሊሠሩ ተስማሙ፤ ግጥም የሌለው፣ ምት የሌለው፣ እንደ ጨለማ ክፍል ሰውን የሚውጥ ሙዚቃ። የሙዚቃ መምህሩ ባልየው በኪቦርድ፣ በያጁ ከጋራዡ በሚቀዳቸው ድምፆች።

በያጁ "መጨረሻው ላይ ዝም ብንልስ?" ቢል፣ መምህሩ ቡና ሊጠጡ በመጡ ጎረቤቶች ፊት ሳቀበት።

"አማቼ፣ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረህ ሰውዬ፣ አንተ ድምፅ አቀብለኝ እንጂ ሐሳብ አትስጠኝ።"

የበያጁ መቅጃ ግን ዝናቡን ሊቀዳ መስኮቱ ላይ ተከፍቶ ነበር።

በያጁ ያቺን ንግግር ኮምፒውተር ላይ ጫናት። ፍጥነቷን ቀነሰ፤ ደግሞ ቀነሰ፤ ቃሉ ሟሙቶ የሚያጓራ ነገር ብቻ እስኪቀር። ከዚያ "ይኸው፣ አቀበልኩህ" ብሎ ሰጠው።

ዛሬ አልበሙን የሚያወጣላቸው ሰውዬ ሊሰማ መጥቷል። መጋረጃው ወርዷል፤ እህትየው መጠጥ ታቀርባለች። "ከጉድጓዱ ሥር" የተባለው ክፍል ሲደርስ ሰውየው እጁን አነሳ።

"ቆይ፣ ይሄ ድምፅ ደሜን አቀዘቀዘው። ሌላው ቢቀር ግድ የለኝም፤ ይሄ ከተቆረጠ ግን እኔም የለሁበትም።"

"እኔም የመረጥኩት እሱን ነው" አለ መምህሩ ደረቱን ነፍቶ። "ሰይጣን ራሱ የሚናገር አይመስልም? አንቺስ ምን ትያለሽ?"

እህትየው ስንት ዓመት ከጎኗ ሲያንኮራፋ ያደረን ጉሮሮ አትስተውም። ብርጭቆውን እንደያዘች ወንድሟን አየችው፤ ከንፈሯ ብቻ "በናትህ ተው" አለ።

በያጁ ይህችን ሰዓት ሲመኝ ነው የከረመው። "አንተ ነህ" ለማለት፤ እንግዳው እያየ፣ የመምህሩ ፊት ሲከስም ለማየት። ቃሉ ምላሱ ላይ ነው። ከተናገረ ግን አልበሙም ይቀራል፣ ማታ ከተናደደ ባሏ ጋር በር የሚዘጋባት እህቱ ናት።

"ከምን ቀዳኸው?" አለው እንግዳው።

"ንገረው እንጂ አማቼ" አለ መምህሩ እየሳቀ። "ምላስህንም አራተኛ ክፍል ረሳሃት እንዴ? ምንድን ነው ይሄ አውሬ?"

በያጁ መቅጃውን ኪሱ ከተተ። ጫማውን በሩ ላይ አጠለቀ፣ ክሩን ሳያስር ደረጃውን ወረደ። ከኋላው ድምፁን እንደገና ከፈቱት።