አንድ ክንድ ፊልም

ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ፊልም አሳይ ሆኜ አገልግያለሁ። ከወረዳ ወረዳ እየዞርሁ ስለ ወባ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ንጹሕ ውሃ የሚያስተምሩ ፊልሞችን በነጭ አንሶላ ላይ አሳይቻለሁ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን በእጄ የተበጠሰው ፊልም በጣት የሚቆጠር ነው። ይህንን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። ባለፈው የካቲት በቤቴ የሆነውን የሚያነብ ሰው፣ አላዋቂ ሽማግሌ ነው ብሎ በይቅርታ እንዳያልፈኝ ነው። አላዋቂ ብሆን ኖሮ ጥፋቴ ይቀልልኝ ነበር።

ቤቴ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ዳገቱ ላይ ነው። መኪና እስከ ደጄ ስለማይደርስ ወይዘሮ ጥሩብርሃን የመጨረሻውን መንገድ በምርኩዝ ወጡት። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የልጅ ልጃቸው ርሆቦት፣ ሠላሳ ዓመት የሆናት የቢሮ ሠራተኛ፣ ፕሮጀክተሩን በሻንጣ ይዛ ከኋላቸው ትከተላለች። አያት ሰፈር ካለ ኮንዶሚኒየም ነው የመጡት። የላካቸው ሁሴን ነበር፤ መገናኛ አጠገብ አሮጌ ሬዲዮና ካሜራ የሚሸጠው ሁሴን።

«ይህን ማሽን የሚያውቅ አንድ ሰው ቀርቷል፤ እሱም ጋሽ ቀጀላ ነው አለን» አለች ርሆቦት፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች።

ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ስለ ሙያዬ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ውሃ ጠጥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ጉዳያቸውን ነገሩኝ።

«ባለቤቴ ጉደታ ከሞተ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አብረን የኖርነው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። የነበረንን ፎቶግራፍ አንድ ክረምት ጎርፍ ቤታችን ገብቶ አጠፋው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዓይኔን ስጨፍን ፊቱ ይመጣልኝ ነበር። አሁን ግን ኮቱ ይመጣል፣ ጫማው ይመጣል፤ ፊቱ የለም።» ከጉያቸው አንድ የፊልም ጥቅል አወጡ። «ሳልሞት አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው ያስቸገርሁዎ።»

ሠርጋቸውን በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት የጉደታ አለቃ የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ በፊልም አንሥቶት ኖሯል። ወደ አገሩ ሲመለስ ፊልሙን ሰጣቸው፤ ማሳያ ስላልነበራቸው ስድሳ ዓመት በሣጥን ተቀመጠ። ፕሮጀክተሩን ርሆቦት ከሁሴን ገዛች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በቤተሰብ ካሜራ ይነሣ የነበረው ፊልም ወርዱ ስምንት ሚሊ ሜትር ሲሆን ሁለት ዓይነት ነው። ወርዳቸው እኩል ነው፤ የሚለያዩት በጠርዛቸው ላይ በተደረደሩት ቀዳዳዎች ነው። የቀድሞው ቀዳዳ ሰፋ ያለና በሥዕልና በሥዕል መካከል የተበሳ ነው። በኋላ የመጣው፣ ሱፐር የሚባለው፣ ቀዳዳው ጠባብ ሆኖ ከእያንዳንዱ ሥዕል ወገብ አጠገብ ይገኛል። በፕሮጀክተሩ ውስጥ ፊልሙን በቀዳዳው እየያዘች አንድ አንድ ሥዕል የምትስብ ትንሽ ጥፍር አለች። ለአንዱ ዓይነት የተሠራች ጥፍር ሌላው ዓይነት ሲሰጣት ቀዳዳውን ትስትና ፊልሙን ትቀደዋለች። የሚጠቀለሉበት መንኮራኩርም ይለያያል፤ የቀድሞው የመሐል ቀዳዳው ጠባብ፣ የሱፐሩ ሰፊ ነው።

ፕሮጀክተሩ ለሱፐር ብቻ የተሠራ ነበር። መንኮራኩሩን ተቀብዬ አውራ ጣቴን በመሐሉ አስገባሁ። ሰፊ ነው።

«ሱፐር ነው። ከማሽኑ ጋር ይስማማል» አልሁ።

ፊልሙን ራሱን አላየሁትም። ዓይኔ እነዚያን ቀዳዳዎች መለየት ካቆመ ቆይቷል። ማጉያ መነጽሬ በጓዳ ነበር፤ በእንግዶች ፊት ተነሥቼ ማምጣት ግን የማነስ ያህል ተሰማኝ። በጣቴ ዳስሼ መፍረዴ የበለጠ ሊቅ የሚያሰኘኝ መሰለኝ።

ማሽኑን ለሳምንት ትተውልኝ ፊልሙን ይዘው ሄዱ። ሞተሩን ከመዘውሩ የሚያገናኘው የላስቲክ ቺንጋ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ነበር፤ በአልኮል አጥቤ ከብስክሌት ከመነዳሪ በቆረጥሁት ላስቲክ ተካሁት። ሌንሱን ወለወልሁ። አምፖሉ ይሠራል። ያንን ሳምንት በልቤ ወጣት ሆኜ ሰነበትሁ ማለት እችላለሁ።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት ተመልሰው መጡ። ርሆቦት መስኮቱን በጋቢ ጋረደች። ወይዘሮ ጥሩብርሃን በነጩ ግድግዳ ፊት ተቀመጡ፤ አዲስ ነጠላ ነበር የለበሱት። ፊልሙን በማሽኑ ሳስገባ ርሆቦት በስልኳ መብራት አበራችልኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለች ዝቅ ብላ። «ይሄ ቀዳዳ ከጥፍሯ ጋር ልክ ነው? ሰፋ አይልም? ቦታውም…»

«አንቺ ልጅ» አሉ አያቷ ከወንበራቸው። «ሠላሳ ዓመት በሠሩት ላይ ልታስተምሪያቸው ነው?»

«አይ እማማ፣ መጠየቄ ነው።»

«መጠየቅሽን ቤትሽ። እዚህ መብራትሽን ያዢ።»

ርሆቦት መብራቱን መልሳ አስጠጋች። እኔም በዝምታዋ ረካሁ። ቀና ብዬ «የቆየ ፊልም እንዲህ ይመስላል፣ ልጄ» ብዬ አስተማርኋት።

መብራቱን ለኮስሁ። ግድግዳው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ወጣ፤ ከዚያ ሥዕሉ መጣ፤ ግን አልቆመም። እንደ ወንፊት ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀጠቀጥ ጀመር። የግማሽ ሰው ትከሻ፣ የኮት አንገት፣ ከግማሽ በላይ የተቆረጠ ግንባር። ማሽኑ ይንቃጫል። መዝጋት ነበረብኝ። ይስተካከላል ብዬ በመጠምዘዣው ስታገል ፊልሙ በማሽኑ የብርሃን መስኮት ፊት ተገትሮ ቆመና የአምፖሉ ትኩሳት ያዘው። ከሥዕሉ መካከል ቡናማ ክብ ተነሣ፤ ሰፋ፣ ነጣ፣ ግድግዳው ባዶ ሆነ። የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው።

ሶኬቱን የነቀለችው ርሆቦት ናት።

 ከዚያ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«ደከሙልን፣ አቶ ቀጀላ። የዕቃው ማርጀት ነው እንጂ እርስዎ ምን ያድርጉ።»

ከመውጣታቸው በፊት ርሆቦትን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፤ ፊልሙ ከመጀመሪያ በዚህ መንኮራኩር ላይ ነበር ወይ?

«አልነበረም። የድሮው ተሰባብሮ ስለነበር ሁሴን ነው ከሌላ ፊልም ላይ ወስዶ የጠቀለለልን።»

«ፊልሙን ትተሽልኝ ሂጂ» አልኋት። አያቷን አየች፤ አያቷ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ፈቀዱ።

ከሄዱ በኋላ መነጽሬን አመጣሁ። ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ በሥዕሎቹ መካከል ነው። የቀድሞው ዓይነት። ለነገሩ መነጽር ባይኖርስ? ሱፐር የሚባለው ፊልም ለገበያ የቀረበው በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት እንደ ነበር ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሴትዮዋ የሠርጋቸውን ዓመት በአፋቸው ነግረውኝ ነበር። ሃምሳ አምስት ብለውኝ ነበር። አንዱን ቁጥር ከሌላው ለማነጻጸር አራት ሴኮንድ አይፈጅም፤ እኔ ግን አውራ ጣቴን አምኜ ተቀመጥሁ።

ሰኞ ወደ መገናኛ ወረድሁ። ከዚያ ግርግር ከራቅሁ ዘመን ሆኖኛል፤ ከሚኒባስ ወርጄ የሁሴን ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አልሁ። ሁሴን ሲያየኝ ወንበር አወጣልኝ።

«ጋሽ ቀጀላ፣ በሕይወት አለህ እንዴ? ብትደውል እኮ እኔ እመጣ ነበር።»

ለቀድሞው ዓይነት የሚሆን ማሳያ እንዳለው ጠየቅሁት። የለውም። ለአራት ደንበኞቹ ደወለ፤ የለም።

«ፊልሙን ሱፐር ነው ብለህ ማሽኑን የሸጥህላቸው አንተ ነህ?»

«እኔ? እኔ እንዲያ አላልሁም፤ ፊልሙ የነሱ ነው። የተሰባበረውን ዊል ቀየርሁላቸው እንጂ ፊልሙን አላየሁትም። የፊልሙን ዓይነት ጋሽ ቀጀላ ይነግራችኋል ብዬ ነው እኮ የላክኋቸው።»

 ሌላ ማሽን ቢገኝም እንደማይጠቅመኝ ከመነሻው አውቀው ነበር፤ የተቀደደ ፊልም ሌላ ማሽን ቢሰጡት መቀደዱን ይቀጥላል። ምናልባት የወረድሁት ጥፋቱን የሚካፈለኝ ሰው ፍለጋ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ መስታወት ዘርግቼ፣ ከሥሩ አምፖል አብርቼ፣ ፊልሙን ስንዝር በስንዝር በማጉያ አየሁት። የተቀደደውን በቀጭን ፕላስተር ጠገንሁ። ፈረንጁ የወደደው ዳሱን፣ ፈረሶቹንና ሽማግሌዎቹን ነበር። ሙሽራው በብዙ ቦታ አለ፤ ግን በጃንጥላ ጥላ ሥር፣ ወይም በጀርባው። ፊቱ በቅርብ የተነሣው ሁለት ጊዜ ነበር። አንዱ መጨረሻ አካባቢ፣ በመኪና በር አጠገብ፣ አርባ ስምንት ሥዕል፤ ይህም የሦስት ሴኮንድ ነው። ሌላው መጀመሪያው ላይ ነበር። ያ አንድ ክንድ የማይሞላ ፊልም፣ የሰባት ሴኮንድ፣ ከፊሉ ተቃጥሎ ከፊሉ ተተልትሎ በእጄ ቀርቷል።

ቅዳሜ ጠራኋቸው። ዳገቱን እንደገና እንዲወጡ ማድረጌ ቢያሳፍረኝም ጠረጴዛውን ወደ አያት ሰፈር ማጓጓዝ አልቻልሁም። ሲቀመጡ ቆሜ ተናገርሁ።

«ወይዘሮ ጥሩብርሃን፣ ዕቃው አላረጀም። ፊልሙ ለማሽኑ የማይሆን ነበር። የልጅ ልጅዎ አይታ ነግራኛለች፤ እኔ ነኝ ያልሰማኋት። ማወቅ የሚገባኝን ሳላጣራ የባለቤትዎን ፊት አቃጥያለሁ።»

አሮጊቷ ወደ እጃቸው አዩ።

«እኔም ግድግዳው ላይ ሲንቀጠቀጥ ገብቶኝ ነበር» አሉ። «ይቁም ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በቤትዎ፣ በልጅ ፊት፣ እርስዎን ማሳፈር ከበደኝ። ጉደታን ትቼ የእርስዎን ክብር ጠበቅሁ። ለማን ልንገረው?»

ከርሆቦት ስድብ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ማጉያውን አነሣች።

ወይዘሮ ጥሩብርሃን በማጉያው ጎንበስ ብለው የመኪናውን በር ሥዕል አዩ። ፊቱ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ረጅም ጊዜ አዩና ቀና አሉ።

«እሱ ነው ካላችሁኝ አምናለሁ። እኔ ግን አላወቅሁትም። ደርቆ የቆመ ሰው ነው።»

ርሆቦት ስልኳን ማጉያው ላይ አስደግፋ ፎቶ አነሣችና አሰፋችው። አሳየቻቸው። አሁንም አላወቅሁትም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ያን ጊዜ የደከመኝን ያህል ደክሞኝ አያውቅም። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት ነገር ምን እንደ ነበር ትዝ አለኝ፤ የቆመ ሥዕል ማሳየት አልነበረም፤ ሥዕሉን ማስኬድ ነበር።

«ርሆቦት» አልሁ፣ «አንዱን ብቻ ሳይሆን አርባ ስምንቱንም፣ በተራ፣ ስልኩን ሳታነቃንቂ ማንሣት ትችያለሽ?»

«ከዚያ አንድ ላይ ላስኬዳቸው? እችላለሁ። በሴኮንድ ስንት?»

«ዐሥራ ስድስት። ቀዳዳዎቹን እያየሽ አስተካክዪልኝ፤ እኔ አይታየኝም።»

እሷ «ትንሽ ወደ ግራ»፣ «እዚያ ጋ ቆይ፣ ጋሼ» እያለች ታዘኛለች፤ እኔ በጣቴ ፊልሙን አንድ አንድ ሥዕል እገፋለሁ። የማሽኑን ጥፍር ሥራ በእጄ ሠራሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። መብራት አንድ ጊዜ ጠፍቶ መጣ። አሮጊቷ ከወንበራቸው አልተነሡም።

ሲያልቅ ርሆቦት ስልኩን በአያቷ መዳፍ አኖረች። ኮት የለበሰ ወጣት በመኪና በር አጠገብ ቆሟል፤ ከጎን የሆነ ሰው አንድ ነገር ይለዋል፤ ዞር ይላል፣ ይስቃል፣ ወዲያው አፉን በእጁ ጀርባ ይሸፍናል። አለቀ።

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«የፊት ጥርሱ የተሸረፈ ነበር» አሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን። «ሲስቅ ይሸፍነዋል። እኔ ፊት ብቻ ነበር የማይሸፍነው።» ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «እንዴት ልጅ ነው። ከአንቺ ያንሳል እኮ፣ ርሆ።»

ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። ሲገልጡ ወደ እኔ ዞሩ።

«የተቃጠለው ላይ ምን ያደርግ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር፤ አልዋሸሁም። ከተተለተለው ጠርዝ የቀሩትን ቁራጮች አይቻቸዋለሁ።

«ወደ ካሜራው እየመጣ ነበር» አልሁ። «እጁ ወደ ታች ነው። እየሳቀ ይመስለኛል።»

«ሳይሸፍን?»

«ሳይሸፍን።»

ራሳቸውን አዘንብለው ተቀበሉት። ተቆጥተው ቢሆን እንዴት እንደምቆም አውቅ ነበር። ርሆቦት ምርኩዛቸውን አቀበለቻቸው፤ ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ይዘው ወረዱ። እኔ የመስታወቱን መብራት አጥፍቼ ቁራጮቹን በፖስታ ውስጥ ሰበሰብሁ፤ ማጉያውን ግን ወደ ጓዳ አልመለስሁትም።