ያልታጠበው ስፖንጅ

«እንዴት ያለ ጥርት ያለ ውሃ ነው! መስተዋት እኮ ነው የሚመስለው» አለች አንዲት ጎረቤት፣ በእጇ የተረፈውን ዳቦ እየፈረፈረች ኩሬው ውስጥ እየጣለች። «አይዟችሁ፣ ብሉ። እናንተም እናት ሞታባችኋለች።»

ልብስ ሰፊው የጓሮው በር ላይ ቆሞ ይሰማል። ዳቦውን ተይው ሊላት አፉን ከፈተ። ግን ሚስቱን ቀብሮ ሳምንት ያልሞላው ሰው፣ ሊያጽናኑት የመጡትን በዳቦ ፍርፋሪ እንዴት ይቆጣል? «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ሴትዮዋ ወደ ቤት እንደገባች ጎንበስ ብሎ ኮይ የሚባሉትን የሚስቱን ዓሦች አያቸው። ሁሉም ከውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሚስቱ «ጡረተኛው» የምትለው፣ አናቱ ላይ ብርቱካንማ ቆብ የደፋ የሚመስለው ነጭ ዓሣ፣ ወትሮ ከሥር ተጋድሞ የሚውለው፣ ዛሬ ከሁሉም ቀድሞ አየር ይጎርሳል። ዳቦውን አንዳቸውም አልነኩትም።

እሷን ማዳን አልቻለም። ያሳደገቻቸው ዓሦች ደግሞ፣ ለለቅሶው የተዋሱት ወንበር እንኳ ሳይመለስ፣ በእጁ ላይ ሊሞቱበት ነው። እነሱም ከሄዱ እዚህ ግቢ ውስጥ ከሷ የቀረ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ከኩሬው ጎን ያለውን የማጣሪያ በርሜል ክዳን አነሳ። ፓምፑ ደኅና ይሠራል፣ ውሃውም እየተንፎለፎለ ይገባል። እጁን ሰዶ ስፖንጁን ሲያወጣው ግን ደነገጠ። ሁልጊዜ እንደ ጭቃ የጠቆረው ስፖንጅ ከሱቅ ዛሬ የወጣ ይመስል ቢጫ ሆኗል። አሸተተው። በረኪና ነው።

«እትዬ!» ብሎ ታላቅ እህቱን ተጣራ።

እትዬ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ከወጥ ቤት ወጣች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ጎኗን አላሳረፈችም፤ እንግዳውንም ቤቱንም የያዘችው እሷ ናት።

«ይህን ስፖንጅ የነካው ሰው አለ?»

«እኔ ነኛ» አለች ኮራ ብላ። «እናንተ ወደ ቀብር ስትሄዱ ቤት ሳሰናዳ ከፍቼ አየሁት። ምን ዓይነት ጉድ ነው አንተ! በበረኪና ዘፍዝፌ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ መለስኩት። እንደሷ ንጽሕና የሚወድ ሰው ነበር? እንግዳ መጥቶ ያን ቆሻሻ ቢያይ ምን ይላል?»

ምላሱ ላይ የመጣውን ዋጠው። «ደግ አደረግሽ» አላት።

ሚስቱ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነበረች። የሕክምና ዕቃ ስትቀቅል፣ ስትወለውል፣ እጇን ስትታጠብ ነበር የምትውለው። ከሥራ ስትመለስ ግን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቀጥታ ወደ በርሜሉ ነው። አንድ ቀን ያን ጥቁር ስፖንጅ በባዶ እጇ ይዛ አገኛትና «አለቃሽ እንዲህ ብታይሽ ዛሬውኑ ታባርርሽ ነበር» አላት።

«ጀርሞቹን ቀን ስገድላቸው እውላለሁ፣ ማታ አሳድጋቸዋለሁ» ብላ ሳቀች። ከዚያ አስቀምጣ አስረዳችው። ዓሦቹ ከሆዳቸው የሚያስወጡት ለራሳቸው መርዝ ነው፤ መርዙ ደግሞ ውሃው ውስጥ አይታይም። ስፖንጁ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ሕይወት አለው፤ መርዙን የሚበላላቸው እሱ ነው። ሲደፈን ከኩሬው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ ይደረጋል እንጂ የቧንቧ ውሃ እንኳ አይነካውም።

ከበርሜሉ አጠገብ በቆየችው ልክ ውሎዋን ያውቅ ነበር። ቶሎ ከገባች በሽተኞቿ ሁሉ ደኅና ናቸው። ከዘገየች አንዱ አርፏል ማለት ነው። አይጠይቃትም፤ እራት ያሞቃል። ለዓመታት ዓሣ መውደድ ብቻ ይመስለው ነበር። ሥራ ቦታ የማታለቅሰውን እዚያ ስታለቅስ እንደኖረች የገባው ራሷ ታማ ከተኛች በኋላ ነው።

የሚስቱ ወንድም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በዚህ ዓለም ላይ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የማይፈታ ችግር ያለ አይመስለውም። የዓሦቹን ነገር ሲሰማ «ይህ በርሜል እኮ ዱሮም አርጅቷል፤ ዓሦቹ ካደጉ ወዲህ ጠቧቸዋል» አለ። እውነቱን ነው። እሷም አዲስ ማጣሪያ ልትመርጥ ስትል ነው የታመመችው። «ዘመናዊውን እንግዛ። አንዴ ገጥመህ ትረሳዋለህ።»

የማጣሪያ ነጋዴ ስልክ አፈላልጎ ደወለና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ለቅሶ የመጡት ሰዎች ሹክሹክታቸውን አቆሙ። ነጋዴው ምን ቤት እንደገባ አያውቅም፤ ድምፁ ሞቅ ያለ ነው።

«ሁለት ዓይነት አለኝ። አንዱ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ነው፣ ውስጡ መብራት አለው፤ ውሃ የሚያደፈርሰውን አረንጓዴ ድራሹን ያጠፋልሃል። ለወራት ባትነካው ምንም አይል። ሌላው ክፍት ነው፣ ሰፊ በርሜል፣ በየደርቡ ስፖንጅና ጠጠር። እሱ እጅ ይፈልጋል። በየሳምንቱ ካላየኸው ይደፈናል።»

«የሚዘጋውን!» አለ የሚስቱ ወንድም።

«ቆይ እንጂ። የምትፈልጉት ውሃው እንዲጠራ ነው ወይስ ዓሦቹ እንዲኖሩ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«አለው እንጂ! መስተዋት በመሰለ ውሃ ውስጥ ስንት ዓሣ ሲያልቅ አይቻለሁ። ለመሆኑ አሮጌው ስፖንጅ በምንድን ነው የታጠበው?»

ልብስ ሰፊው ቀና ሲል እህቱ ሻይ በትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «እንዲሁ... ለቅለቅ ተደርጎ ነው» አለ።

«በበረኪና ነው» አለች እትዬ ራሷ።

«ውይ! ታዲያ ገድላችኋቸዋላ!» ሳሎኑ በነጋዴው ድምፅ ተሞላ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው «ማንን ነው የገደሉት?» ሲሉ ተሰሙ።

እትዬ ትሪውን አስቀመጠች። «እኔ እኮ ለስሟ ብዬ ነው» አለች። «አንተስ ለምን አልነገርከኝም? ደግ አደረግሽ ትለኛለህ?»

«ምን ልበልሽ እትዬ? አንቺንም ላስለቅስ?»

ነጋዴው ወሬውን አላቆመም። ዳቦ የሚባል ነገር እንዳይጣል፣ ውሃው በከፊል ይቀየር። አዲስ ማጣሪያ የትኛውም ቢሆን ባዶ ቤት ነው፤ ነዋሪ እስኪገባበት ሳምንታት ይፈጃል፣ ዓሦቹ ያን ያህል አይቆዩም። «የቆየ፣ ያልታጠበ ስፖንጅ ያለው ሰው ካወቃችሁ ቁራሽ ለምኑ። እንደ እርሾ ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል። ታዲያ የትኛውን ልላክ?»

«የሚዘጋውን ውሰድ» አለው የሚስቱ ወንድም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለሱው አስቦ ነው፣ ክፋት የለበትም። «አሁን ብቻህን ነህ። በየሳምንቱ ማን እጁን ይነክራል? ግጠመውና እርሳው።»

ልብስ ሰፊውን ያስፈራው ይኸው ቃል ነበር። ሰሞኑን በር ያንኳኳ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው፤ አይዞህ፣ ጊዜ ያስረሳል። እሱ መርሳት አይፈልግም። በግድም ቢሆን በየሳምንቱ ከአልጋ አስነስቶ ወደዚያ ጓሮ የሚያስወጣው ነገር ይፈልጋል።

«ክፍቱን ላክልኝ» አለ።

ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ሰዎች መጡ። ነርሶቹ የክፍሉን ኃላፊ ከፊት አድርገው ተደርድረው ተቀመጡ። ሁሉም «ሲስተር» የሚሏት፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። «ነፍሷን ይማር፣ አንተንም ያጥናህ» አሉት። እሱ ግን ጆሮው ጓሮ ነው። እነሱ ሲገቡ ጡረተኛው ወደ ጎኑ ዘመም ብሎ ነበር። ሚስቱ ምናልባት ከነዚህ ለአንዷ ከስፖንጇ ቆርሳ ሰጥታት ይሆን? ጉሮሮውን ሲጠራርግ የሚስቱ ወንድም ጉልበቱን ያዘው። «በሰው ፊት ስለ ዓሣ እንዳታወራ፣ አበደ ይሉሃል» ብሎ አንሾካሾከ።

ይበሉኝ አለ በልቡ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቦታው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያልታጠበ... የቆሸሸ ስፖንጅ ያለው ሰው ያውቃሉ? የዓሣ ማጣሪያ።»

ሲስተር ለአፍታ አየችውና በእጇ አፏን ይዛ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ተቀየረ።

«አስታማሚዎች የሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለ አይደል? እሷ ናት ያመጣችው። ስፖንጁንም ከቤቷ በርሜል ቆርጣ ነው ያመጣችው። ጽዳቶቹን ‹ሌላውን ሁሉ እጠቡ፣ ይህን የነካ ግን ከኔ ጋር ተጣላ› ትላቸዋለች። እዚያ ሆስፒታል የተፈቀደ ቆሻሻ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። በር በሩን እያዩ የሚቀመጡ ሰዎች ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ነገር ይፈልጋሉ ብላ እኮ ነው።»

ሚስቱ ራሷ በምትሠራበት ክፍል ታማ ስትተኛ ልብስ ሰፊው እዚያ ወንበር ላይ ነበር የከረመው። ሐኪሙ በወጣ በገባ ቁጥር ልቡ ሲዘል፣ ዓይኑን ከዚያ ገንዳ ላይ አልነቀለም። ማን እንዳስቀመጠው ለመጠየቅ እንኳ አላሰበም። ለስንት የማታውቀው ሰው ያዘጋጀችው ማረፊያ በመጨረሻ ለሱ ሆነ።

ሲስተር ስልኳን አንስታ ደወለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዲት ተረኛ ነርስ ከገንዳው ስፖንጅ ቁራሽ ቆርጣ፣ ከነውሃው በላስቲክ ይዛ መጣች። አዲሱም በርሜል ቀድሞ ደርሷል።

ቁራሹ መዳፍ አያክልም፤ እንዲሁ ቢጥሉት ውሃው እየገፋ ያንከራትተዋል፣ ከአዲሱ ስፖንጅ ጋር መጣበቅ አለበት። ልብስ ሰፊው ከሐዘኑ ወዲህ ዘግቶት የነበረውን የስፌት ክፍል ከፍቶ መቀስ፣ መርፌና ወፍራም ክር ይዞ ወጣ። ኩሬው ዳር ተቀመጠ። እትዬ ከቀኙ ተቀምጣ፣ ያን ጥቁር ነገር በጎድጓዳ ሳህን ይዛለታለች።

«አልጨምቀውም አይደል?» አለች ፈራ ተባ እያለች።

«አትጭመቂው።»

ከአዲሱ ስፖንጅ ላይ በቁራሹ ልክ ቀዶ አወጣና ጥቁሩን በቦታው ከተተው። ልክክ አለ። ዓሦቹ አሁንም ከላይ ናቸው፤ ይድኑ እንደሆነ ማንም አልነገረውም። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መርፌው ውስጥ ክር የምታስገባለት ሚስቱ ነበረች። እሱ ከሥራው ቀና ሳይል በግራ በኩል ይዘረጋል፣ እሷ አስገብታ ትመልስለታለች። የክሩን ጫፍ በምራቁ አርሶ፣ ጥቁሩ እንዳይንሸራተት በቀኝ እጁ ጫን አድርጎ እንደያዘ፣ መርፌውንና ክሩን ወደ ግራ ዘረጋ።

በግራው ማንም አልነበረም። እጁን ግን ቶሎ አልመለሰውም።